ወደ ታይቹንግ በአሌክሳንድሪያ በኩል

«አንቺ ልጅ፣ ይሉኝታ ሲታደል የት ሄደሽ ነበር?»

እትዬ ጽጌ ናቸው፤ የአባቴ እህት። ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው ያሉኝ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ «ለመንገድ እንቁላል በዳቦ ልጠቅልላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ልጃቸው ራሔል «አይ እማዬ፣ አትልፊ» አለች። እኔ ደግሞ «አዎ፣ ለእኔ ሁለት» አልኩ።

«ራሔል እኮ ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም» አሉኝ። «ሰው እስኪለመን ይጠብቃል። አንቺ ግን ገና ከአፌ ሳይወጣ ትቀበያለሽ።»

ራሔልን ሦስት ጊዜ ለመኗት። በሦስተኛው ወሰደች።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5፡40፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዛሬ ቀጠሮዎቻችን ሁሉ የፈረንጅ ናቸውና። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ከአፓርታማችን በታች ያለው መንገድ ላይ የጋዜጣ መኪና ብቻ ይንቀሳቀሳል። ኮሮላዬ ሦስቴ አስላ ተነሳች። የተሳፋሪው በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ስለሆነ ራሔልን እንደ ሙሽራ አስገብቼ እንደ ሙሽራ ማስወረድ አለብኝ። የለበሰችው ከሰው የተዋሰችውን ግራጫ ሱፍ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ስፖንጅ ከእሷ ቀድሞ መኪና ውስጥ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሔል በግንቦት ወር ከኮሌጅ ተመረቀች። የማስተርስ ትምህርቷ የሚጀምረው በጥር ነው። እስከዚያ የቀረውን ስድስት ወር እስያ ሄዳ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ተነሳች። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ቆርጣ አምስት ቦታ አፕላይ አደረገች፤ ሁለቱ ለዛሬ ጠሯት፤ አንዱ አርሊንግተን፣ ሌላው አሌክሳንድሪያ፤ ሁለቱም እዚሁ አሜሪካ፣ ከወንዙ ማዶ። እትዬ ጽጌ ደግሞ ገደብ አስቀምጠዋል። እስከ ዛሬ ሥራ ካላገኘች ሰኞ ጀርመንታውን ሥራ ትገባለች። እዚያ የሩቅ ዘመዳችን የጥርስ ሕክምና ቤት አለው፤ ስልክ የሚያነሳለት ሰው ይፈልጋል፤ እትዬም «ሰው እልክልሃለሁ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም።

እኔ ትዕግስት እባላለሁ። ስም ብቻ ነው። ሃይስኩል ጨርሼ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ሰው ሁሉ በፊቴ ይወጣል፣ ይገባል፤ እኔ ግን እዚያው ነኝ። ራሔል «የሚነዳኝ ሰው ባገኝ» ስትል ፈቃድ ጠይቄ ቁልፌን አነሳሁ።

6፡20፤ አዳምስ ሞርጋን

በሲክስቲንዝ ስትሪት ቁልቁል ስንወርድ አረንጓዴ መብራት እየተቀባበለ አወረደን። መጀመሪያ ያቆምነው ጋሽ ታደሰ ምግብ ቤት ነው። ራሔል አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ እዚያ አስተናግዳለች፤ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ ብለዋታል።

ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ወለሉ እርጥብ ነው፤ በረኪና በረኪና ይላል። አንድ ጥግ ላይ ሁለት ታክሲ ነጂዎች ፉል ይበላሉ።

«ራሔልዬ! ቁርስ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«በልቻለሁ ጋሼ።» የእናቷን እንቁላል ገና ከወረቀቱ አላወጣችውም።

«በሞቴ!»

«እውነቴን ነው።»

«አፈር ስሆን፣ ትንሽ!»

«እሺ፣ ትንሽ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔማ ፉል። እንቁላል ይጨመርበት። ዳቦውም ሞቅ ይበል።»

«ይህችን ልጅ ታክሲ ላይ ብናስቀምጣት ሀብታም ትሆናለች» አለ አንደኛው ነጂ። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እስያ? እንግሊዝኛ ልታስተምሩ? እኔ አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ነድቼ ተሳፋሪው አሁንም አድራሻውን ጽፎ ነው የሚሰጠኝ!»

«አንተ ስለማትሰማ ነው» አለው ጓደኛው። «እንግሊዝኛው ምን አደረገ።»

ራሔል ሰባት ዓመቷ ላይ ነው የመጣችው። ዓይኑን ጨፍኖ የሰማት ሰው አሜሪካዊት ናት ይላል። ጋሽ ታደሰ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ ያልታሸገ ነው። መኪና ውስጥ ገብተን ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ፣ በታይፕ፣ ያለ አንድ ስሕተት እንዲህ ይላል፦ ራሔል በጣም ዝምተኛ ናት። በአራት ዓመት ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ምንም ነገር ጠይቃን አታውቅም። ሁልጊዜ አንገቷን እንደደፋች ነው።

«ይሄ ለአማት የሚላክ ደብዳቤ ነው» አልኳት። «ቀኑን ሙሉ የምትለፈልፍ አስተማሪ ነው እኮ የሚፈልጉት!»

«ታዲያ ሌላ ጻፉልኝ ልበላቸው? እንዴት አፌ ደፍሮ!»

8፡50፤ አርሊንግተን

ወንዙን ስንሻገር ፀሐይዋ ከኋላችን ሆና የቢሮዎቹን መስታወት ሁሉ ወርቅ ቀባችው። ከሜትሮው የወጣ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ፓርኪንግ ሜትሩ ሳንቲሞቼን ዋጠ። ዘጠነኛ ፎቅ ወጣን፤ ምንጣፉ እግር ይውጣል።

ኢንተርቪው የሚያደርጋት ልጅ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። ክራቫቱ ላይ ትንንሽ ዳክዬዎች አሉ። ደቡብ ኮሪያ ሁለት ዓመት አስተምሯል። «እኔ ሾፌሯ ነኝ» ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ደብዳቤውን አነበበ። እንደገና አነበበ። «በጣም ዝምተኛ ነሽ ይላል» አላት።

ራሔል አንገቷን ደፋች።

«እሺ። ከሌሎቹ አመልካቾች ለምን አንቺን እንመርጣለን?»

«ከእኔ የተሻሉ ብዙ ይኖራሉ» አለች።

እኔ ወንበሩን ጨበጥኩ። ይህን አገራችን ላይ ብትለው ሽማግሌ ሁሉ «ተባረኪ» ይላት ነበር። ልጁ ግን ጻፈው። የተናገረችውን በእርሳስ ጻፈው!

እንዲያም ሆኖ እንግሊዝኛዋ ደስ ብሎታል መሰለኝ። ፋይሉን ገልጦ «ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አንድ ቦታ አለ። ትፈልጊዋለሽ?» አላት።

«አይ፣ ግድ የለም፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው ካለ…» አለች ራሔል፣ ፈገግ ብላ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች።

ልጁ ፋይሉን ዘጋ። «ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ።» ተነሣ። እጇን ጨበጠ። የእኔንም ጨበጠ።

አሳንሰሩ ውስጥ ራሔል የሚወርደውን የፎቅ ቁጥር እያየች «አልደገመልኝም» አለች። «አንዴ ብቻ ነው የጠየቀኝ።»

«እነሱ እኮ አይደግሙም! ቆሎ አይደለም የሚያዞረው!»

«አውቃለሁ።» ዓይኗ ሞላ። «አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ከአፌ ቀድሞ ይወጣል።»

ቡሳን አመለጠችን። የቀረችን አሌክሳንድሪያ ናት።

10፡30፤ መንገድ ላይ

ነዳጅ ማደያ ቆሜ ስድስት ዶናትና አንድ እሽግ ማስቲካ ገዛሁ። ለመብል አይደለም፤ ለትምህርት። መኪናዋን ከአየር ማረፊያው ባሻገር፣ ወንዙ ዳር፣ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ እያገሳ በሚወርድበት ቦታ ፓርክ አደረግሁ።

«ዶናት?» አልኳት።

«አይ፣ አንቺ ብይ።»

በላሁት። «ዶናት?»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

እሱንም በላሁት። ሕጉን ነገርኳት፤ በመጀመሪያው ጥሪ ያልወሰደችው ሁሉ ወደ እኔ ሆድ ይገባል። ሦስተኛው እንጆሪ ያለበት ነበር፤ እሷ የምትወደው። ሲሄድ ዓይኗ ተከተለው። አራተኛው ላይ እጇ ተዘርግቶ ተመለሰ። አምስተኛውን ግን «ዶ» ስል ከእጄ ነጠቀችው።

«አዎ!» ብዬ መሪውን ደበደብኩ። «እንደዚህ! ሻይ ቢሰጡሽ እሺ፣ ሥራ ቢሰጡሽ እሺ፣ ባል ቢሰጡሽ እሺ!»

«አፍሽን ዝጊ» አለችኝ፤ ግን ስቃለች፤ ከንፈሯ ስኳር በስኳር ሆኗል። ከዚያ በኋላ ማስቲካውን፣ ካርታውን፣ የጆሮ ጉትቻዬን ሁሉ አቀረብኩላት። ሁሉንም በአንዴ ተቀበለች። የጆሮ ጉትቻዬን እስካሁን አልመለሰችም።

12፡30፤ አሌክሳንድሪያ

የጥንቱ ሰፈር ጡብ በጡብ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ሳይቀር። በየመስኮቱ አበባ አለ። ኮሮላዬ በዚያ ድንጋይ ላይ ስትሄድ ጥርሴ ሁሉ ተንቀጫቀጨ። አድራሻው ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የካውያ እንፋሎት እግራችንን እያሞቀን ወጣን።

ወይዘሮ ሊን ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ከታይዋን ናቸው። ወንድማቸው ታይቹንግ በምትባል ከተማ ልጆች ከትምህርት በኋላ እንግሊዝኛ የሚማሩበት ቤት አለው፤ አስተማሪ የሚመርጡለት እሳቸው ናቸው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፋክስ፣ የአንድ ሠላሳ ልጆች ፎቶግራፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ በብርጭቆ ቀርቧል፤ አጠገቡ አናናስ የተሞሉ ትንንሽ ኬኮች አሉ።

ሳህኑን አንስተው ለራሔል ዘረጉላት። «ቅመሺ።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ!» ብላ ሁለት አነሳች። በሁለት እጇ!

በኩራት ላጨበጭብላት ምንም አልቀረኝም። የወይዘሮ ሊን ቅንድብ ግን ከፍ አለ፤ ሳህኑም አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩት። «አንቺስ?»

እውነቱን ልናገር። ሆዴ ውስጥ የእትዬ ጽጌ ሁለት እንቁላል፣ የጋሽ ታደሰ ፉል፣ አራት ዶናት አለ። ኬኩን ማየት አልቻልኩም። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

«አንድ ብቻ።»

«አይ፣ በእውነት።»

«ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አልችልም።»

አራተኛውን አልጠየቁም። ኬኩን አንስተው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፉ፤ ልክ እንደ እትዬ ጽጌ። ከዚያ ወደ ራሔል ዞረው «እህትሽ በደንብ ያደገች ልጅ ናት» አሏት።

እኔ! በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሳቄ በአፍንጫዬ ወጣ። ራሔል ግን ደርቃለች፤ በሁለት እጇ ሁለት ኬክ እንደያዘች። ፊቷን ሳይ ገባኝ። እኚህ ሴትዮ ከእትዬ ጽጌ አገር ናቸው፤ ካርታው ላይ ቦታው ቢለያይም። እኔ ደግሞ ልጅቷን ከምታውቀው ነገር ላይ አውጥቼ አበላሽቻት መጣሁ።

ስለዚህ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የአርሊንግተኑን ልጅ፣ የተዘጋውን ፋይል፣ ዶናቱን፣ ማስቲካውን። «እኔ ያልበላሁት ስለጠገብኩ ነው» አልኩ። «ጨዋዋ እሷ ናት። እኔ ነኝ ያበላሸኋት። እቤቷ እኮ ውኃ እንኳን ሦስቴ ሳትለመን አትጠጣም!»

ወይዘሮ ሊን አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቅሳሉ ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነው። ሲበቃቸው ሁለቱንም ኬክ ከራሔል እጅ ተቀብለው ሳህኑ ላይ መለሱ።

«እንደገና» አሉ። ሳህኑን ዘረጉ። «ቅመሺ።»

«አይ፣ በልቻለሁ» አለች ራሔል።

«አንድ ብቻ።»

«ኧረ አይቸገሩ።»

«እባክሽ።»

«እሺ… አንድ።»

«አሁን ገባኝ» አሉ። «የልጆቹ እናቶች ቤታቸው ይጠሩሻል። በመጀመሪያው ከወሰድሽ ሰፈሩ ሙሉ ያወራል። ያለፈው አስተማሪ እንዲህ ነበር። ደግሞ ይጮህ ነበር።» የጋሽ ታደሰን ደብዳቤ አነበቡ፤ በየመስመሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ጥሩ። በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነው።»

ከዚያ «አሁን አስተምሪ» አሏት። ራሔል ተነሣች። ኮቱን አወለቀች፤ ስፖንጁ አብሮ ወረደ። ሻይ፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያ እያነሳች ማስተማር ጀመረች። ዝግ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል ይዛ ነው የምታቀብለው። እኔ ተማሪ ሆንኩላት፤ መጥፎው ተማሪ። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፣ «ሽንት ቤት!» ብዬ ጮህኩ፣ ማንኪያውን ደበቅሁ። አልጮኸችብኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ ማንኪያውን በእንግሊዝኛ እንድጠይቃት አደረገችኝ። ለካ ይቺ ልጅ አስተማሪ ናት።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ፤ ቲኬቱ በእነሱ፤ መኖሪያው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለች ክፍል፤ ሁለት አልጋ አላት። ራሔል ፈረመች።

ወይዘሮ ሊን እስክሪብቶውን ሳይከድኑ ወደ እኔ ዞሩ። «ለሕፃናቱ ክፍል ረዳት ያስፈልገኛል። ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሰው። ትሄጃለሽ?»

«እኔ? ሃይስኩል ብቻ ነው የጨረስኩት።»

«የአራት ዓመት ልጅ ዲግሪ አይጠይቅም። ትሄጃለሽ?»

ልቤ ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። አፌን ከፈትኩ። ራሔልን አየኋት፤ ውሉን ደረቷ ላይ ይዛለች። የእሷ ቀን ነው፤ እኔ የመጣሁት መኪና ልነዳ። «አይ» አልኩ። «እኔ ሾፌር ነኝ።»

ሦስተኛውን ሊጠይቁኝ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። አነሱት፤ በእጃቸው አፍነው «እስከ አምስት ሰዓት እዚህ ነኝ» አሉኝና በራሳቸው ቋንቋ ማውራት ጀመሩ።

2፡15፤ የዊልሰን ድልድይ

ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ እንመለስ ብለን ድልድዩ ላይ ደረስን፤ መሐሉ ለሁለት ተከፍቶ ወደ ሰማይ ቆሟል። ጀልባ ያልፋል። ሰው ሁሉ ሞተር አጥፍቶ፣ በር ከፍቶ ወንዙን ያያል። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነጂ ጣራው ላይ ወጥቶ ሳንድዊች ይበላል።

«ለምን እምቢ አልሽ?» አለችኝ ራሔል።

«ያንቺ ቀን ነው።»

«ይሉኝታ ያዘሽ!» በመደነቅ አየችኝ። «አንቺን! ይሉኝታ!»

«አልያዘኝም።»

«ይዞሻል። ፊትሽ ቀልቷል። እማዬ ብታይሽ ጠበል ረጭታ ነው የምትስምሽ።» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ሁለት አልጋ ነው ያለው ክፍሉ። አንዱ ባዶ ሆኖ ምን ላደርግበት ነው?»

ድልድዩ ወረደ። ሞተር አስነሣሁ።

3፡30፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ ጽጌ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ራሔል ውሉን ስታሳያቸው መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ራሳቸው ላይ ነበር። አነበቡት። «ስድስት ወር ብቻ?» አሉ። «በጥር ትመለሻለሽ?» «በጥር እመለሳለሁ እማዬ።» ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ እኔን ሳሙኝ። ከዚያ የሰጡት ቃል ትዝ አላቸው።

«እንግዲያው» አሉ፣ እጄን እንደያዙ፣ «ሰኞ ጀርመንታውን የምትገቢው አንቺ ነሽ። ወንበር ላይ ነው፤ ኤርኮንዲሽን አለው። ከጋራዡ አይሻልም?»

«አይ እትዬ» አልኩ።

እትዬ ፈገግ አሉ። «ግድ የለም፣ ግቢ።»

«አይ፣ አልፈልግም።»

«አየሽ ራሔል!» አሉ፤ ዓይናቸው በደስታ በራ። «አንድ ቀን አብራሽ ብትውል ሰው ሆነች! በሞቴ ትዕግስትዬ፣ እሺ በይኝ።»

«አይ።»

የማይክሮዌቩ ሰዓት 3፡42 ይላል፤ ወይዘሮ ሊን እስከ አምስት እዚያ ናቸው። እትዬ አራተኛውን ሊጠይቁ ትንፋሻቸውን ሲስቡ፣ ራሔል ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመኪና ቁልፍ ወደ እኔ ገፋችው። በመጀመሪያው አነሳሁትና ወጣሁ።